የሁለተኛው ዘር ቀን

በዚህ ታሪክ ውስጥ ያለነው አምስት ሰዎች ነን።

አንዱ እኔ ነኝ፤ ወርቁ እባላለሁ። ትምህርት ቤት የቆየሁት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። የተቃጠለ ሞተር ፈትቼ፣ የመዳብ ሽቦውን አውጥቼ በአዲስ የመጠቅለሉን ሥራ ማንም አላስተማረኝም፤ ከራሳቸው ከተቃጠሉት ሞተሮች ተማርኩት። ካምፓላ፣ ናኪቩቦ ገበያ አጠገብ ባለች ጠባብ ሱቅ ይህንኑ እየሠራሁ ብዙ ዓመት ኖሬአለሁ።

ሁለተኛዋ ባለቤቴ ጽጌ ናት። ናጉሩ ኮረብታ ላይ በአንድ የእርዳታ ድርጅት ቢሮ ሒሳብ ትሠራለች። በቤታችን ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚናገር ሰው እሷ ብቻ ናት።

ሦስተኛዋ ልጃችን ሳምራዊት ናት። ያኔ ሃያ አራት ዓመቷ ነበር። እርሻ ተምራ፣ ለሁለተኛ ዲግሪዋ የመጨረሻውን ጥናት እየሠራች ነበር። ቁመቷ ከእናቷ፣ ግትርነቷ ከእኔ ነው።

አራተኛው ጋሽ ደምሴ ናቸው። ከደብረ ማርቆስ ገጠር ተነስተው፣ በስደት ሱዳንንና ኬንያን አቋርጠው ዑጋንዳ የደረሱ፣ ወደ ሰባ የሚጠጉ ሰው ናቸው። ከኪራ ማዶ፣ ጃጃ እያልን የምንጠራት አሮጊት ዑጋንዳዊት መሬት ላይ ዘበኛ ሆነው ይኖራሉ። ልጄ የዘራችው እዚያ ከጃጃ በተከራየችው መሬት ላይ ነው።

አምስተኛው ሙሳ ነው፤ ቡጎሎቢ፣ የምንኖርበት ፍላት በር ላይ የሚቆም ቦዳ፣ የሞተር ሳይክል ታክሲ፣ ነጂ። ከሞተሩ የሚበልጥ አፍ አለው።

ልጄ ምን እያደረገች እንደነበር አስቀድሜ ላስረዳ፤ ይህ ካልገባችሁ የቀረውም አይገባችሁምና። የአኩሪ አተርን ምርት ሁለት ነገር ይወስነዋል። አንደኛው ተክሎቹ በትልሙ ውስጥ ተጠጋግተው ነው ወይስ ተራርቀው የሚያድጉት የሚለው ነው። ሁለተኛው ዝናቡ ከገባ በኋላ በየትኛው ቀን ተዘሩ የሚለው ነው። ሳምራዊት ሁለቱን አንድ ላይ ልትፈትን ተነሳች። መሬቱን በሦስት ከፈለችው። አንደኛው ክፍል ዝናቡ እንደጀመረ ይዘራል፤ ሁለተኛው ከሁለት ሳምንት በኋላ፤ ሦስተኛው ከዚያም ሌላ ሁለት ሳምንት ቆይቶ። በእያንዳንዱ ክፍል ውስጥ ደግሞ ፍሬው ጠጋ ጠጋ ብሎ የሚገባባቸው፣ በመካከለኛ ርቀት የሚገባባቸውና ራቅ ራቅ ብሎ የሚገባባቸው መደቦች አሉ። ለእያንዳንዱ ትልም የሚበቃውን ፍሬ ማዕድ ላይ ዘርግታ እየቆጠረች በትንንሽ ፖስታ ስታሽግ አይቻታለሁ። ነገሩን ወድጄው ነበር። ሞተር ሲጠቀለል የሽቦው ዙር ቢያንስም ቢበዛም ያው መቃጠሉ ነው፤ ልክ የምትባል ነገር እንዳለች ከማንም በላይ አውቃለሁ። እንደወደድኩት ግን አልነገርኳትም። በኛ ቤት ምስጋና በብዛት አይበተንም።

የመጀመሪያው ክፍል በሰላም ተዘራ። ሁለተኛው ሊደርስ ሲል ኮሮና ገባ። ዘመኑ በፈረንጆች አቆጣጠር 2020 ነበር። ሱቄ ተዘጋ፤ ታክሲ ቆመ፤ ቀጥሎ የቤት መኪናም ከግቢ እንዳይወጣ ተከለከለ። ቦዳ ዕቃ እንጂ ሰው እንዳይጭን ታዘዘ። ከመሸ በኋላ ደግሞ ሰዓት እላፊ አለ። እኛ ሦስታችን ፍላቱ ውስጥ ተፋጠጥን።

ሁለተኛው ዘር ሊዘራ አንድ ቀን ሲቀረው የሳምራዊት አማካሪ ስልክ ደወለ። ምሳ ላይ ነበርን። እሷ ብዙም አልመለሰችም፤ እሺ፣ እሺ እያለች ሰማችው። ስልኩን ስትዘጋ ሁለተኛውን ዘር ተዪው እንዳላት ነገረችን። መንገድ ዝግ ነው፤ ማንም አይፈርድብሽም፤ ዘንድሮን እናልፈውና ለመጪው ዓመት እንደገና እንጀምራለን ብሏታል። ከሦስቱ የዘር ቀን ሁለቱ ብቻ ተዘርቶ ጥናት አይባልም፤ መሐሉ ከጎደለ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ዋጋ የላቸውም። ስለዚህ ጉዳዩ ግልጽ ነበር፤ ነገ ያ ዘር አፈር ካልገባ የልጄ አንድ ዓመት ጠፋ ማለት ነው።

"እኔ በእግሬ እሄዳለሁ" አለች።

እኔ ወደ ሳህኔ አየሁ። ጽጌ ወደኔ አየች።

"ወርቁ፣ በእግር መሄድ ተከልክሏል?" አለችኝ ቀስ ብላ።

"አልተከለከለም።"

"እርሻስ?"

"እርሻም አልተከለከለም።"

"እንግዲያው ብቻዋን ልትሄድ ነው?"

ጽጌ እንዲህ ናት። ጠይቃ ጠይቃ ሰውን ራሱ በከፈተው በር ታስወጣዋለች።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ተነሳን። ሳምራዊት ፍሬውን የምትቀባው ጥቁር ዱቄት ነበራት። አፈር ውስጥ የሚኖር፣ በዓይን የማይታይ ሕይወት ያለበት ዱቄት ነው፤ የአኩሪ አተሩ ሥር ላይ ተጣብቆ ከአየር ምግብ ይስብለታል። በስኳር ውኃ ፍሬው ላይ ከተሸ በኋላ ፀሐይ ካገኘው ይሞታል፤ ካደረም ይደክማል። አሽታ ስትጨርስ መልሳ በየፖስታው ከተተችው፤ ፖስታዎቹን በእርጥብ ጆንያ ጠቀለለች። እኔ ደግሞ የሦስተኛውን ክፍል ዘርም፣ ገና ያልታሸውን፣ በሌላ ከረጢት አድርጌ ጨመርኩበት። ዛሬ ዕቃ ይጫናል፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ እሱም ቢከለከል ማን ያውቃል ብዬ ነው። አርቆ ማሰብ መስሎኝ ነበር።

ሙሳ ጆንያውን ሲያስር እኔንና ልጄን አፈራርቆ አየን። በእግራችን እንደምንሄድ ስነግረው ሳቀ፤ ሲያከብረኝ ሴቦ፣ ጌታዬ፣ ነው የሚለኝ።

"ሴቦ፣ አንተንም በጆንያ ጠቅልዬ ልጫንህ? የማቶኬ ሙዝ ነው እላቸዋለሁ።"

"ማቶኬ እንኳ እንደ አባባ አይከብድም" አለች ሳምራዊት።

አልሳቅሁም። ሕግ ሰው አይጫን ካለ ሰው አይጫንም አልኩት። ሙሳ ትከሻውን ነቅንቆ ሄደ። ሳምራዊት ለጋሽ ደምሴ ደወለችላቸው፤ ዘሩ እየመጣ መሆኑን፣ ጥላ ሥር እንዲያስቀምጡት፣ እኛ እስክንደርስ እንዲጠብቁን ነገረቻቸው። "ግን ጋሼ፣ ዛሬ አፈር ካልገባ ይሞታል" አለቻቸው መጨረሻ ላይ። ይቺን ቃል አስታውሱልኝ።

ካምፓላን እንዲያ ባዶ ሆና አይቻት አላውቅም። ናካዋ ላይ ታክሲ የሚጋፋበት ቦታ ውሾች ተኝተዋል። ቆሻሻ የሚለቅሙት እነዚያ ረጃጅም እግር ያላቸው ወፎች የሚለቀም ቢያጡ መሐል አስፋልት ላይ እንደ ሽማግሌ ቆመዋል። አንዳንድ ሰው እንደኛ በእግሩ ይሄዳል፤ ማንም ማንንም አያናግርም። ሳምራዊት ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ትንሽ እንደሄድን ፍጥነቷን እንደቀነሰችልኝ አወቅሁ፤ እንዳላወቅሁ ሆንኩ።

የናጉሩን ኮረብታ በግራ ትተን ስናልፍ መንገዱ ላይ ግንድ ተጋድሞ መሣሪያ የታጠቁ ወታደሮች ቆመዋል። አዛዡ ጠቆር ያለ፣ ረጅም፣ ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ ሰው ነበር።

"ወዴት ነው፣ ሙዜ?" አለኝ፤ ሽማግሌው ማለቱ ነው።

"እርሻ።"

"ዶማው የታለ?"

"እርሻው ላይ ነው።"

"ዘሩስ?"

"ቀድሞን ሄዷል።"

አዛዡ ወደ ጓደኞቹ ዞሮ ሳቀ። "ገበሬውን ጥሎ የሚሄድ ዘር አይቼ አላውቅም" አለ። ከዚያ ሳቁን አቆመና ስልኮቻችንን ተቀብሎ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። የማንጎው ዛፍ ሥር እንድንቀመጥ በእጁ አሳየን።

ሕግ አክብሬ ዘሩን በቦዳ፣ ራሴን በእግሬ ስላደረግሁ፣ ገበሬ መሆኔን የሚያስረዳልኝ ነገር እጄ ላይ አልነበረም። እንደ አንዳንዶቹ ተሸሽጌ ከዘሩ ጋር ተጭኜ ቢሆን ኖሮ፣ ቢያንስ ጆንያውን ከፍቼ አሳይ ነበር። ይህን ዛፉ ሥር ሆኜ አሰብኩት፤ ደስ የሚል ሐሳብ አይደለም።

ከእኛ ጋር አንድ ሮሌክስ ሻጭ ተቀምጦ ነበር፤ በቻፓቲ ቂጣ ጠቅልሎ የሚሸጠው እንቁላል በትሪ ታስሮ ጎኑ አለ። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ እዚህ ዛፍ ሥር ሰው የሚቆየው ሴንቴ፣ ገንዘብ፣ እስኪያወጣ ድረስ ብቻ ነው፣ አሥር ሺህ ሽልንግ ለሁለታችሁ ይበቃል አለኝ። እሱ ለምን እንዳልከፈለ ብጠይቀው፣ ገና እየተደራደርኩ ነው አለ።

ሳምራዊት ሰምታዋለች።

"አባባ፣ አሥር ሺህ ነው እኮ።"

"አልሰጥም።"

"እኔ ልስጥ።"

"አንቺም አትሰጪም። ወንጀል አልሠራንም።"

ፀሐዩን ቀና ብላ አየችው። ድምፅዋን አላነሳችም፤ ያን ጊዜ እናቷን መሰለችኝ።

"የሚሞተው የኔ ዘር ነው። የእርስዎ መርህ ምንም አይሆንም።"

  ጉቦ አልሰጥም ማለት ቀላል የሚሆነው ዋጋውን ራስህ ስትከፍል ነው። ያን ቀን እኔ ኩራቴን ይዤ ተቀምጫለሁ፤ የሚያልፈው ሰዓት ግን የልጄ ነበር። ቢሆንም እጄን ኪሴ ውስጥ አላስገባሁም።

በዚህ መሐል ሙሳ ዘሩን አድርሶ ሲመለስ በኬላው አለፈ። እኛን ዛፍ ሥር ሲያየን ሞተሩን ሊያቆም ሞከረ፤ ታጣቂው እለፍ አለው። ራሱን እየነቀነቀ ሄደ። ቆይቶ እንደነገረን፣ ጥቂት እንደራቀ ለጋሽ ደምሴ ደውሎላቸዋል። ወታደር ይዟቸዋል፣ ዛሬ አይመጡም ብሏቸዋል።

ፀሐይዋ አናታችን ላይ ስትደርስ ሳምራዊት ተነሳች። ተቀመጪ አልኳት፤ አልተቀመጠችም። አዛዡ ፊት ቆመች፣ እንጨት አነሳች፣ አቧራው ላይ መስመሮች ማስመር ጀመረች። እዚህች አገር ያደገች ልጅ ናት፤ እንግሊዝኛውንም ሉጋንዳውንም እያቀላቀለች አስረዳችው። ይህ መጀመሪያ የዘራሁት ነው፣ ይህ ዛሬ የሚዘራው ነው፣ ይህ ጠባቡ ነው፣ ይህ ሰፊው ነው እያለች። ሰውየው መጀመሪያ ወደ መንገዱ ነበር የሚያየው። ቀስ በቀስ ጎንበስ አለ።

"አኩሪ አተር ነው ያልሽው?"

"አዎ።"

"እናቴ በሰሜን፣ ሊራ ውስጥ ትዘራለች። በየዓመቱ ቁመቱ እስከ ወገቧ ይደርሳል፤ የሚያልፍ ሁሉ ያደንቃል። ከዚያ ሊያፈራ ሲል ነፋስ ይመጣና ይተኛል።"

"መቼ ነው የምትዘራው?"

"ዝናቡ እንደጣለ። አንድ ቀን አታሳልፍም።"

"በትልሙ ውስጥ ፍሬውን እንዴት ነው የምታደርገው?"

አውራ ጣቱንና ጠቋሚ ጣቱን አፋተገ፤ እንደ ጨው ትነሰንሰዋለች ማለቱ ነው።

"ቀኗ ልክ ነው" አለችው ሳምራዊት። "እጇ ነው የበዛው። በጊዜ የተዘራ ተክል ለማደግ ሰፊ ጊዜ አለው። ካጨናነቁት ብርሃን ፍለጋ ወደ ላይ ይመዘዛል፤ አገዳው ይቀጥናል፤ ያንን ሁሉ ቅጠል መሸከም ያቅተዋል፤ ይጋሽባል። በአንድ መዳፍ ስፋት ሁለት ፍሬ ይበቃዋል በላት።"

አዛዡ ትንሽ አሰበና ስልኩን አውጥቶ ደወለ። በራሱ ቋንቋ አወራ። ከዚያኛው ጫፍ የሚጮህ የሴት ድምፅ ለእኛም ይሰማን ነበር። ሰውየው ስልኩን ከጆሮው አራቀና ወደ ሳምራዊት ዞረ።

"ይህን ያለችህ ሴት ስንት ልጅ ወልዳለች ትላለች።"

"አልወለድኩም።"

ለእናቱ ነገራት፤ አዳመጠ።

"እንግዲያው አልሰማትም ብላለች" አለ። ከዚያ ሁላችንም ሳቅን፤ ሮሌክስ ሻጩም፣ እኔም። ስልኮቻችንን መለሰልን። ሙዜ፣ ቶሎ ሂዱ፣ ደመናውን እዩት አለን። እኛን ሲለቅ ሮሌክስ ሻጩንም ለቀቀው።

የቀረውን መንገድ በሩጫ ያህል ሄድን። ሳምራዊት ጋሽ ደምሴ ዘንድ ደጋግማ ደወለች፤ አያነሱም። ኪራን አልፈን ወደ ጃጃ መሬት በሚያስገባው ቀይ መንገድ ስንታጠፍ ሰማዩ በአንድ በኩል ጠቁሯል፤ ነፋሱ የእርጥብ አፈር ሽታ ይዞ ይመጣል። እስካሁን አልረፈደም ብዬ አሰብኩ።

ጋሽ ደምሴ ማሳው ዳር ቆመው አገኘናቸው። እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ነክቷቸዋል፤ ዶማቸውን ተደግፈው ሲያዩን ፊታቸው በራ።

"ተፈታችሁ? ተመስገን። አይዞሽ ልጄ፣ ደርሼልሻለሁ። ዘርቼዋለሁ።"

ሳምራዊት ዛፉ ሥር የተቆለሉትን ፖስታዎች አየች። ሁሉም ተቀደዋል፣ ሁሉም ባዶ ናቸው።

"ሁሉንም?"

"አንዲት አላስቀረሁም።"

"ያኛውንም ከረጢት?"

"ያኛውንም ጨምሬ።"

የሆነው እንዲህ ነው። ሙሳ አይመጡም አላቸው። ልጅቱ ዛሬ አፈር ካልገባ ይሞታል ብላለች። ደመናው እየከበደ ነው። ሳምራዊት ትልሞቹን ባለፈው ሳምንት አውጥታ ሄዳለች፤ የቀረው ፍሬ መጣል ብቻ ነው። ስልካቸውን ጎጆ ውስጥ ትተው ወደ ማሳው ወረዱ። አንዱን ፖስታ ከፍተው መዳፋቸው ላይ ሲገለብጡት ለአንድ ሙሉ ትልም የተሰፈረው ጥቂት ፍሬ ነው። አዘኑ። ልጅቱ ገንዘብ አጥሯታል፣ ቆጥባ ነው ብለው አሰቡ። ከረጢቱን ሲከፍቱ ግን ብዙ ዘር አገኙ። ሁሉንም አንድ ላይ ገለበጡትና በየትልሙ እኩል አድርገው አፈሰሱት።

"የሰው ማሳ ሲዘሩ እጅ አይሰስትም" አሉ። "በኛ አገር ነውር ነው። ለራስህ ብትሰስት ያንተ ጉዳይ፤ ለሰው ስትዘራ ግን እፍኝህ ይሙላ ይባላል።"

ያ ሁሉ ጠባብ፣ መካከለኛ፣ ሰፊ የተባለ መደብ አንድ ሆነ። የሦስተኛውም ዘር እዚያው ተቀበረ። ልጄ ማዕድ ላይ የቆጠረችው ሁሉ በአንድ ሽማግሌ ደግነት ተደባለቀ።

እኔ ቁጡ ሰው ነኝ። አፌን ከፈትኩ። ሽማግሌ መሆናቸውንም፣ ስደተኛ መሆናቸውንም የማይምር ቃል ምላሴ ላይ ነበር። ሳምራዊት እጅጌዬን ያዘችኝ።  ከዚያ ለቀቀችኝና ማሳው ዳር ቁጢጥ አለች። ዝናቡ ያን ጊዜ ጀመረ።

ጎጆው ገባን። ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ለመነጋገርም አይመችም ነበር፤ ለእኔ ተስማማኝ። ጋሽ ደምሴ አንዴ እኔን አንዴ እሷን ያያሉ። አንድ ነገር መበላሸቱ ገብቷቸዋል፤ ምን እንደሆነ ግን አልገባቸውም።

"አጠፋሁ?" አሉ መጨረሻ ላይ።

ሳምራዊት ብታጽናናቸው እዋሻለሁ ብላ የፈራች ይመስለኛል። ዝናቡ ሲያባራ በባዶ እግሯ ወጣች። ከአንዱ ትልም ጫፍ ላይ አፈሩን በጣቷ ቀስ ብላ ገለጠች። ፍሬዎቹ እንደ መቁጠሪያ ተደርድረዋል፣ ትከሻ ለትከሻ። ከሌላው መደብ ገለጠች፤ እንዲሁ። ወደ ሦስተኛው ሄደች። ከዚያ ተነስታ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ወደኔ መጣች።

"አባባ፣ ሁሉም ጋ እኩል ነው። በጣም ጠባብ ላልኩት መደብ እንኳ ከሚያስፈልገው በላይ ነው ያለው።"

"እና?"

"የበዛ ነገር በኋላ ይቀነሳል። ሲበቅል ከጠባቡ ጥቂት፣ ከሰፊው ብዙ እየነቀልኩ አሳሳዋለሁ። ያነሰ ቢሆን ግን ዘግይቼ ልጨምርበት አልችልም። ቀኑም አይመለስም።" ወደ ጎጆው ዞራ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። "ጋሼ፣ ቀኔን አትርፈውልኛል።"

ሽማግሌው ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ።

ያን ዕለት ሰዓት እላፊው ስለደረሰብን እዚያው አደርን፤ በማግስቱ በመጣንበት መንገድ ተመለስን። ከሁለት ሳምንት በኋላ ናኪቩቦ ከሚገኙት የዘር ሱቆች አዲስ ዘር ገዝቼ፣ አሁንም በእግራችን ሄድን። አንድ ቀን ሦስተኛውን ዘራን፤ በማግስቱ ሁለተኛውን አሳሳን። ጋሽ ደምሴ ይህን ማየት አልቻሉም። ለምለም ቡቃያ ከአፈር ሲነቀል ሲያዩ ጀርባቸውን ሰጡን። የበቀለ ነገር ነቅዬ አላውቅም፣ አረም እንኳ ስነቅል ቅር ይለኛል አሉ። ሳምራዊት የተነቀለውን እቅፍ አድርጋ ሰጠቻቸው፤ ለጃጃ ፍየሎች ወሰዱት። ሲመለሱ ግን ከአንዱ ትልም ጫፍ ተንበርክከው ስንት ልተው ብለው ጠየቋት።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ መሬቱ የሰጠንን መልስ ልንገራችሁ። በጊዜ ከተዘሩት ውስጥ የተጨናነቁት ከሁሉ ቀድመው አምረው ነበር፤ የእርሻ ባለሙያ ያልሆነ ሰው ሁሉ እነሱን ነበር የሚያደንቀው፣ እኔንም ጨምሮ። ፍሬ በያዙ ሰሞን አንድ ነፋስ አስተኛቸው። መካከለኛ ርቀት የነበራቸው ቆመው ቀሩ፤ ከሁሉም የበለጠ ያፈሩትም እነሱ ናቸው። ሁለተኛው ዘር ከመጀመሪያው ትንሽ አነሰ። ሦስተኛው ዘር ግን ሌላ ነገር አሳየን። ዝናቡ ሳያድጉ ጥሏቸው ሄደ፤ ሁሉም አጫጭር ሆነው ቀሩ። ከነሱ ውስጥ የተራራቁት ባዶ አፈር ላይ ብቻ ብቻቸውን ቆመው ፀሐይ አደረቃቸው፤ አረም ዋጣቸው። የተጠጋጉት ትንንሽም ቢሆኑ መሬቱን አብረው ሸፈኑት፤ እርጥበቱን ያዙ፤ ከተራራቁት የተሻለ ሰጡ።

አኩሪ አተር ሰው አይደለም። ከአንድ እህል ተነስቶ ስለ ሰው ሕይወት የሚሰብክን እኔ ራሴ አላምነውም። ይሁንና ይህን ሳይ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። በጊዜ የተዘራ ስፋት ይፈልጋል። ልጄ ስትመረቅ ከጓደኞቿ ጋር ቤት ልከራይ ብትለኝ፣ ያላገባች ሴት ልጅ ከአባቷ ቤት አትወጣም የሚለው ቃሌ አልወጣ አለኝ። አልጋዋን ተሸክሜ ወሰድኩላት። የዘገየ ደግሞ መጠጋጋት ይፈልጋል። እኔ ከአገሬ ሰው ርቄ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ዕድር ግባ ሲሉኝ የራሴን ቀብር ራሴ እከፍላለሁ እያልኩ ስመልስ ኖሬአለሁ። ጋሽ ደምሴ በስተርጅና ነው እዚህ አገር የተዘሩት፤ እኔም ጎልምሼ ነው የመጣሁት። አሁን ዕድር ገብቻለሁ። በየሰንበቱ ጋሽ ደምሴ ምሳቸውን የሚበሉት እኛ ቤት ነው፤ እንደማንስማማ ሰዎች ስንጨቃጨቅ እንውላለን።

አንድ ነገር ሳልነግራችሁ ብዘጋው ውሸት ይሆናል። ሳምራዊት ጽሑፏን ስታስረክብ ሁለተኛው ዘር በሌላ ሰው እጅ፣ በብዛት ተዘርቶ በኋላ የሳሳ መሆኑን ሳትደብቅ ጻፈች። ጓደኞቿ ዝም በይው፣ ማን ያውቃል ብለዋት ነበር። ፈታኞቿ አነበቡና ቡቃያው እስኪሳሳ ድረስ ተጨናንቆ ስለቆየ ከሌሎቹ ጋር እኩል አይታይም አሉ። በመጪው ዓመት ዝናብ ሙሉውን ሙከራ ድገሚ ተባለች። ደገመችው፤ ጋሽ ደምሴ ፍሬ እየቆጠሩ አብረው ዘሩ። መሬቱም ያንኑ መልስ ሰጠ። አማካሪዋ የሁለት ዓመት ውጤት ያለው ጥናት ብሎ በኩራት ሲናገርላት ሰማሁ፤ በ2022 ተመረቀች።

ታዲያ ያ ሁሉ መንገድ ለምን ነበር፣ ዓመቱ ቀርቶ አይደለም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ፣ ቀርቷል። ያን ቀን ዛፉ ሥር አሥር ሺህ ሽልንግ ብሰጥ ኖሮ በጊዜ ደርሰን፣ ዘሩ በልኩ ገብቶ፣ ልጄ ከዓመት በፊት ትመረቅ ነበር። ይህን አውቃለሁ፤ እሷም ታውቃለች። ዛሬም ያ አዛዥ ቢያስቆመኝ አልሰጥም። ግን ከእንግዲህ መርህ ዋጋ አያስከፍልም ብዬ ማንንም አልመክርም።

ስለዚህ ሒሳቡን አስቀምጬ ልጨርስ። ለተደገመው ዓመት የዩኒቨርሲቲ መመዝገቢያ፣ የጃጃ መሬት ኪራይ፣ ዘርና የቀን ሠራተኛ ተደምሮ አንድ ሚሊዮን አራት መቶ ሺህ ሽልንግ ወጥቷል። አብዛኛውን ጽጌ ከደመወዟ፣ የቀረውን እኔ ከሱቄ ከፈልን። ሙሳ ለሁለተኛው ዓመት ዘር ማመላለሻ አልቀበልም ብሎ የነዳጁን ከራሱ ቻለ። ጋሽ ደምሴ ካልተቀበላችሁኝ ቤታችሁ አልገባም ብለው ሠላሳ ሺህ ሽልንግ አምጥተው ማዕዱ ላይ አኖሩ፤ ተቀበልናቸው። ሳምራዊት ከዕድሜዋ አንድ ዓመት ከፍላለች።